የፋብሪካ ቧንቧ የሚፈትሽ ርካሽ ሮቦት፦ የትኛው ዓይነት ለየትኛው ቧንቧ?

በስኳር፣ በጨርቃጨርቅ ወይም በሲሚንቶ ፋብሪካ የጥገና ክፍል የሠራ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ቧንቧው ከውጭ ሲታይ ደህና ነው። ውስጡ ግን በዝገት ተበልቶ፣ በኖራ ቅርፊት ጠቦ ወይም ብየዳው ላይ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ ፍላንጅ (በብሎን የሚታሰረው የቧንቧ መጋጠሚያ) ይፈታል፣ ኢንሱሌሽን (የሙቀት መከላከያ ልባስ) ይገፈፋል፣ አንዳንዴም ቧንቧው ይቆረጣል። ለዚህ ሥራ ተብለው የተሠሩት ሮቦቶች በአስር ሺዎች ዶላር ይሸጣሉ። የምህንድስና ተማሪዎችም ሆኑ የጥገና ቡድኖች "እኛው ብንሠራውስ?" ቢሉ ተገቢ ነው። ይቻላልም።

ብዙ ፕሮጀክት ግን ከተሳሳተ ጥያቄ ይጀምራል። "አርዱይኖ ይሻላል ወይስ ራስፕቤሪ ፓይ?" ይባላል። የመቆጣጠሪያ ቦርድ መምረጥ በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ ነገር ነው። መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ ሌላ ነው፦ ሮቦቱ ቧንቧው ውስጥ ቢሞት በምን ይወጣል? ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች ሁሉ የማወዳድረው ይህን ይዤ ነው። ርካሽ ሮቦት የሚባለው ዕቃው ርካሽ የሆነው ብቻ መሆን የለበትም። ቧንቧ ውስጥ ቀርቶ መስመር የሚያስቆርጥ ሮቦት በ50 ዶላር ቢሠራም ውድ ነው።

የጃፓኑ ፉኩሺማ የኑክሌር ጣቢያ ጥሩ ማስረጃ ይሆነናል። በሚያዝያ 2015 እ.ኤ.አ. ቅርጹን የሚቀያይር ሮቦት 10 ሴንቲሜትር ገደማ ስፋት ባለው ቧንቧ በኩል ወደ 1ኛው ሬአክተር ተላከ። 10 ሜትር ያህል ሄዶ ቆመ። ሊያወጡት ስላልቻሉ ገመዱን ቆርጠው እዚያው ተዉት። ከቀናት በኋላ ሁለተኛ ሮቦት ገብቶ ፍተሻው ቀጠለ። እነሱ ተለዋጭ ነበራቸው፤ የተበላሸው ሮቦት የቀረውም ሥራ ባቆመ ሬአክተር ውስጥ ነው። የእናንተ ሮቦት በማግስቱ ውሃ ሊያልፍበት በሚገባ መስመር ውስጥ ቢቀር ግን ፋብሪካው ይቆማል።

ሮቦት ሳያስፈልግ የሚፈታ ችግር

በቅድሚያ ሦስት ቀላል አማራጮችን እንይ። አንደኛው ጠንከር ባለ ዘንግ የሚገፋ ካሜራ ነው። ለጠባብ ቧንቧና ለአጭር ርቀት ከዚህ የሚሻል የለም። ዋጋው ከጥቂት መቶ ዶላር ይጀምራል፣ ሲበላሽም ዘንጉን መሳብ ነው። የቢራና የወተት ፋብሪካዎች ቧንቧ ብዙ ጊዜ ከ3 ኢንች ያነሰ ነው። እዚያ ሮቦት ለመሥራት መድከም አያስፈልግም። ከሮቦት ላይ የወደቀች አንዲት ብሎን ምርት ውስጥ ብትገባ የሚመጣው ጣጣም ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው በእጅ የሚያዝ የአልትራሳውንድ ውፍረት መለኪያ ነው። ቧንቧው ከውጭ የሚደረስበት ከሆነና ጥያቄው "ግድግዳው ምን ያህል ሳስቷል?" ከሆነ መልሱን በቀጥታ የሚሰጠው ይህ ነው። ሦስተኛው በውሃ ግፊት ቧንቧው ውስጥ የሚገፋ የስፖንጅ ጥቅል፣ ማለትም የስፖንጅ ፒግ ነው። ረጅም መስመር ለማጽዳት ጥሩ ነው፤ ለማየት ግን አያገለግልም። በታመቀ አየር እንዳትገፉት። ተጣብቆ ቆይቶ በድንገት ሲለቀቅ ሰው በሚገድል ፍጥነት ይወጣል።

ሮቦት የሚያስፈልገው እነዚህ ሳይደርሱ ሲቀሩ ነው። ዘንግ የማይደርስበት ርቀት፣ ሽቅብ የሚወጣ መስመር፣ መሬት ውስጥ የተቀበረ ወይም ኢንሱሌሽን የለበሰ ቧንቧ ሲሆን።

ቧንቧውን ሳትለኩ ምንም አትሳሉ

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ 6 ኢንች የካርቦን ብረት ቧንቧን ምሳሌ አደርጋለሁ። በፋብሪካ የማቀዝቀዣና የውሃ መስመሮች ላይ የተለመደ ነው። መጠኑም ለጀማሪ ያመቻል። ስሙ 6 ኢንች ይሁን እንጂ የውጭ ዲያሜትሩ 168.3 ሚሊሜትር ነው። ስኬጁሉ (የግድግዳ ውፍረት ደረጃው) 40 ከሆነ የግድግዳው ውፍረት 7.11 ሚሊሜትር ስለሆነ ውስጡ 154 ሚሊሜትር ይሆናል። 4 ኢንቹ ውስጡ 102፣ 8 ኢንቹ ደግሞ 203 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ስኬጁሉ ሲቀየር እነዚህ ቁጥሮች ይቀየራሉ። አሮጌ ቧንቧ ላይ ቅርፊትና ወደ ውስጥ የፈሰሰ ብየዳ ሌላ 5 ወይም 10 ሚሊሜትር ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ካታሎግ ብቻ አትመኑ፤ አንድ ፍላንጅ ተፈትቶ ስታገኙት በካሊፐር ለኩ።

ብዙ ሮቦት የሚያልቅለት ኤልቦ (የቧንቧ መታጠፊያ) ላይ ነው። መደበኛው ረጅም ኤልቦ የመሃል መስመሩ ራዲየስ የቧንቧው ስም መጠን 1.5 እጥፍ ነው። ለ6 ኢንች 229 ሚሊሜትር ማለት ነው። አጭሩ ኤልቦ ደግሞ 1 እጥፍ፣ 152 ሚሊሜትር ነው። በረጅሙ ኤልቦ ውስጥ ስፋቱ 120 ሚሊሜትር የሆነ የማይታጠፍ አካል በወረቀት ላይ እስከ 280 ሚሊሜትር ርዝመት ድረስ ያልፋል። ስፋቱን ወደ 140 ብታሳድጉት የሚፈቀደው ርዝመት ወደ 183 ይወርዳል። ሃያ ሚሊሜትር ስፋት መቶ ሚሊሜትር ርዝመት ወሰደ ማለት ነው። በአጭሩ ኤልቦ ውስጥ ደግሞ የ120ው ሮቦት ከ240 መብለጥ አይችልም። ንድፍ ከመጀመራችሁ በፊት ካርቶን ጠቅልላችሁ በምታስቡት መጠን ሥሩና በእውነተኛ ኤልቦ ውስጥ አሳልፉት። አንድ ብር አያስወጣም፤ የወራት ድካም ያድናል።

ሌላም ነገር አለ። በዚያው ረጅም ኤልቦ ውስጥ በውጭው ጠርዝ የሚሄድ ጎማ በውስጠኛው ጠርዝ ከሚሄደው ሁለት እጥፍ መንገድ ይጓዛል። ጎማዎቹን ሁሉ በአንድ ሞተር በእኩል ፍጥነት ብታዞሩ አንዱ መንሸራተት ወይም መታገል ግድ ይሆንበታል። ለእያንዳንዱ ጎማ የራሱ ሞተር የሚመከረው ለዚህ ነው።

እንዴት ይሂድ? ዋናው ምርጫ

ባለ አራት ጎማው ተሽከርካሪ ከሁሉም ርካሽና ለመሥራት ቀላል ነው። በጋደመ፣ ቀጥ ባለና ንጹሕ በሆነ መስመር ጥሩ ይሠራል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። አንድ ሂሳብ ላሳያችሁ። ሮቦቱ 1.5 ኪሎ ቢመዝንና የጎማው ፍትጊያ ከክብደቱ አንጻር 0.5 ቢሆን መጎተት የሚችለው ቢበዛ 7.4 ኒውተን ነው። ከኋላው 30 ሜትር የኔትወርክ ኬብል ቢጎትት ኬብሉ 1 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ በቀጥታው መንገድ የሚፈጥረው ጉተታ 3 ኒውተን ያህል ነው። እስካሁን ደህና ነን። ነገር ግን ኬብል በኤልቦ ላይ ሲታጠፍ ጉተታው ይባዛል። ፍትጊያው 0.3 ከሆነ በእያንዳንዱ 90 ዲግሪ ኤልቦ 1.6 እጥፍ ይሆናል። ሁለት ኤልቦ ካለፈ በኋላ ጉተታው ወደ 8 ኒውተን ይጠጋል። ሮቦቱ ከዚህ በላይ ንቅንቅ አይልም። የሞተሩ ጉልበት እዚህ ላይ አይረዳም፤ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል። ክብደት ብትጨምሩበት መጎተቱ ይሻላል፣ ሽቅብ መውጣት ግን ጭራሽ አይሆንም።

ግድግዳ የሚገፋው ሮቦት ይህን ችግር ከሥሩ ይፈታል። ሦስት እግሮች በ120 ዲግሪ ተራርቀው በሞላ (ስፕሪንግ) ኃይል ወደ ግድግዳው ይገፋሉ። የሚቆነጥጥበት ኃይል ከክብደቱ ጋር ስላልተያያዘ እናንተው ትወስኑታላችሁ። ያው 1.5 ኪሎ ሮቦት ቀጥ ብሎ ሽቅብ እንዲወጣ 15 ኒውተን መሸከም አለበት። በ0.5 ፍትጊያ ጠቅላላ ግፊቱ 30 ኒውተን ይሆናል። ቧንቧው እርጥብ ሊሆን ስለሚችል እጥፍ አድርጉት፤ 60 ኒውተን፣ በየእግሩ 20። ይህን ኃይል ማንኛውም መለስተኛ ሞላ ይሰጣል። የጎማው ራዲየስ 2 ሴንቲሜትር ከሆነ ክብደቱን ብቻ ለማንሳት እያንዳንዱ ሞተር 1 ኪሎግራም-ሴንቲሜትር ገደማ ይበቃዋል። የኬብሉን ጉተታና የኤልቦውን ትግል ስትጨምሩበት ግን ከ3 ያነሰ አትግዙ።

ድክመቱስ? ሁለት ነገር። የመጀመሪያው ቲ መገጣጠሚያ፣ ማለትም ወደ ጎን ቅርንጫፍ ያለው ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ ነው። አንዱ እግር ክፍት ቀዳዳው ላይ ሲደርስ የሚገፋው ግድግዳ ያጣል፤ ሮቦቱም ያዘነብላል። መፍትሔው ሁለት አጫጭር ክፍሎችን በሚታጠፍ መገጣጠሚያ ማያያዝ ነው። አንዱ ቀዳዳው ላይ ሲሆን ሌላው ይይዘዋል። ሁለተኛው ድክመት ከጥንካሬው የመጣ ነው። መብራት ሲጠፋበት ያ 60 ኒውተን አይጠፋም። ማርሹ ዎርም ከሆነ ወደ ኋላ ስለማይዞር ሮቦቱ እንደ ቡሽ ደፍኖት ይቀራል። ስለዚህ የማውጫ ካቦውን በሮቦቱ አካል ላይ አትሰሩት። እግሮቹን በሚያንቀሳቅሰው ተንሸራታች ቀለበት ላይ እሰሩት። ካቦው ሲሳብ መጀመሪያ እግሮቹ ይታጠፋሉ፣ ከዚያ ሮቦቱ ይከተላል። ይህን አንድ ዘዴ ሳያካትት የተሠራ ግድግዳ ገፊ ሮቦት ፋብሪካ መግባት የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ባለ ብሎን አካሄዱ፣ ማለትም ዘንበል ያሉ ትናንሽ ጎማዎች እየዞሩ እንደ ብሎን ወደፊት የሚገፉት፣ ለበጀት ጠባቂ ይማርካል። አንድ ሞተር ብቻ ይበቃዋል። ለ3 እና ለ4 ኢንች ቀጥተኛ መስመር እወደዋለሁ። ችግሩ ፊተኛው ክፍል ሲዞር ኋለኛው በተቃራኒው መዞር መፈለጉ ነው። ኋላ ያሉት ጎማዎች ካልያዙት ካሜራው ይሽከረከራል፣ ኬብሉም ይጠማዘዛል። ቲ ላይ አቅጣጫ መምረጥም አይችልም።

ባለ ሰንሰለቱ ደለልና ዝቃጭ ላለበት ከ8 ኢንች በላይ ቧንቧ ነው። ጠፍጣፋ ሰንሰለት ክብ ቧንቧ ውስጥ በጠርዙ ብቻ እንደሚነካ አስታውሱ፤ ሁለቱን ወደ ውስጥ ዘንበል አድርጋችሁ ግጠሟቸው።

የማግኔት ጎማ ያለው ሮቦት ልዩ ቦታ አለው። ከቧንቧው ውጭ፣ በታንከር ግድግዳና በቦይለር ላይ ይሄዳል። በ2013 እ.ኤ.አ. በአሜሪካዋ ፒትስበርግ የተመሠረተው ጌኮ ሮቦቲክስ በዚህ መንገድ የቦይለር ግድግዳ ውፍረት እየለካ አድጓል። ከውጭ ስለሚሄድ ቢበላሽም በመሰላል ወጥቶ ማውረድ ይቻላል። ይህ ለጀማሪ ቡድን ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሁለት ወሰን አለው። 304 እና 316 ስቴንለስ ላይ፣ ፕላስቲክ ላይም አይጣበቅም። የተለመደው የኒዮዲሚየም ማግኔት ደግሞ ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሞቅ ከኃይሉ የተወሰነውን እስከመጨረሻው ሊያጣ ይችላል። ገና ያልቀዘቀዘ የእንፋሎት መስመር ላይ አትሞክሩት።

ስለ ትል ዓይነቱና ስለ እባብ ዓይነቱ ብዙ አልልም። ትሉ አንዱን ጫፍ ቆንጥጦ ሌላውን እየሳበ ስለሚሄድ ጠንካራ ነው፤ ግን በጣም ቀርፋፋ ነው። እባቡ በየመገጣጠሚያው ሞተር ይፈልጋል። ለምርምር ደስ ይላሉ። በትንሽ በጀት ፋብሪካ ለሚያገለግል ሮቦት ግን አልመክርም።

ኬብል ወይስ ባትሪና ዋይፋይ?

እዚህ ላይ ሁለቱም ወገን የሚሳሳትበት ነገር አለ።

የኬብል ደጋፊዎች የቮልት መውደቅን ይረሳሉ። ኔትወርክ ኬብል ውስጥ ያለው ቀጭን ሽቦ በሜትር 0.084 ኦም አለው። 30 ሜትር ሄዶ ሲመለስ 60 ሜትር ነው፤ 5 ኦም። በ12 ቮልት 2 አምፒር ብትልኩ 10 ቮልቱ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ሮቦቱ ጋ 2 ቮልት ይደርሳል። ያንኑ 24 ዋት በ48 ቮልት ብትልኩት የሚፈሰው ግማሽ አምፒር ስለሆነ የሚባክነው 2.5 ቮልት ብቻ ነው። ሮቦቱ ላይ ትንሽ መቀነሻ ሰርኪዩት ትጨምራላችሁ። ሁለት ሁለት ሽቦ ብታጣምሩ ብክነቱ በግማሽ ይቀንሳል። ቀሪዎቹ አራት ሽቦዎች ምስል ለመላክ ይበቃሉ፤ ኔትወርኩ እስከ 100 ሜትር ይሠራል።

የባትሪ ደጋፊዎች ደግሞ "ብረት ቧንቧ ውስጥ ዋይፋይ አይሠራም፣ ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ይሻላል" ሲሉ ይሰማሉ። ባዶ ብረት ቧንቧ ውስጥ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ቧንቧው ከተወሰነ ፍሪኩዌንሲ በታች ያለ ሞገድ አያሳልፍም። ወሰኑን ለማወቅ 176ን በውስጥ ዲያሜትሩ በሚሊሜትር አካፍሉት፤ መልሱ በጊጋኸርዝ ነው። ለ6 ኢንች 1.14 ጊጋኸርዝ ይመጣል። ስለዚህ 2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ በቀጥታው መንገድ ጥሩ ያልፋል፤ ብዙዎች "ሩቅ ይሄዳል" ብለው የሚገዙት 433 ሜጋኸርዝ ሬዲዮ ግን ጥቂት እንደሄደ ይሞታል። ውስጡ 52 ሚሊሜትር በሆነ 2 ኢንች ቧንቧ ውስጥ ወሰኑ 3.4 ጊጋኸርዝ ስለሚደርስ 2.4ቱም አያልፍም። አንቴናው ግን ቧንቧው አፍ ላይ፣ ወደ ውስጥ መግባት አለበት። ኤልቦ በበዛ ቁጥር ምልክቱ ይዳከማል። ቧንቧው ውሃ ከያዘ ደግሞ ዋይፋይን እርሱት።

የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ደረቅ 6 ኢንችና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ኤልቦውም ከሁለት ካልበለጠ፣ ባትሪና ዋይፋይ ከቀጭን የማውጫ ካቦ ጋር። ካቦው ከኬብል እጅግ ስለሚቀል በኤልቦ ላይ የሚባዛው ጉተታ ትንሽ ነው። ለጠባብ፣ ለእርጥብ ወይም ለረጅም መስመር ሙሉ ኬብል። በየትኛውም መንገድ ከውጭ የሚያወጣው ገመድ ይኑር። ሙሉ በሙሉ ነጻ የሆነ ሮቦት በቪዲዮ ሲታይ ያምራል፤ ፋብሪካ ውስጥ ግን ሲጠፋ የሚከፈለውን አስቡት።

ምን ያያል? ምን ይለካል?

ኢኤስፒ32-ካም 2 ሜጋፒክስል ካሜራና ዋይፋይ በአንድ ቦርድ ላይ ይዟል፤ ዋጋውም ከአስር ዶላር በታች ነው። ዝገት፣ ቅርፊትና የተከፈተ ብየዳ ለማየት ይበቃል። የጠራ ቪዲዮ ከፈለጋችሁ ራስፕቤሪ ፓይ ዜሮ 2 ደብሊው ከካሜራው ጋር ይሻላል፤ ቦርዱ ገበያ ላይ ሲወጣ በ15 ዶላር ነበር። ከካሜራው ይልቅ ምስሉን የሚያበላሸው መብራቱ ነው። ኤልኢዲውን ሌንሱ ጎን ከለጠፋችሁት እርጥብ ብረት መልሶ ያንጸባርቅና መሃሉ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ወደ ጎን አርቁት፣ ፊቱ ላይም ብርሃን የሚበትን ደብዛዛ ፕላስቲክ አድርጉ።

ርቀት የሚለካውን ኢንኮደር በሮቦቱ ጎማ ላይ አታስሩ፤ ጎማው ይንሸራተታል። ካቦው በሚጠቀለልበት ከበሮ ላይ አድርጉት። "ዝገት አለ" ማለት ለጥገና ሠራተኛው ምንም አይጠቅመውም። "ከፍላንጁ 14.2 ሜትር ላይ፣ ከታች በኩል" ሲባል ግን መፍቻውን ይዞ ይሄዳል። ለተቀበረ ቧንቧ 512 ኸርዝ የሚያስተላልፍ ትንሽ ሶንድ ጨምሩ። በዚህ ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ የሚፈጠረው መግነጢሳዊ መስክ በብረትና በአፈር አልፎ ከላይ በመፈለጊያ ይሰማል።

ካሜራ ውፍረት አይለካም። ይህን ለፋብሪካው ኃላፊ በግልጽ ንገሩት። በሮቦት ላይ አልትራሳውንድ መጫን ይቻላል፤ ነገር ግን በሴንሰሩና በብረቱ መካከል ውሃ ወይም ጄል ያስፈልጋል። ድምፅ በብረት ውስጥ በሰከንድ 5,900 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ በ7 ሚሊሜትር ግድግዳ ላይ ደርሶ መልሱ 2.4 ማይክሮሰከንድ ብቻ ነው። ይህን በትክክል የሚይዝ ኤሌክትሮኒክስ በጀታችሁን ይበላዋል። የተሻለው ዘዴ ሥራውን መከፋፈል ነው። ሮቦቱ አጠራጣሪውን ቦታ ያገኛል፤ ሰውየው እዚያው ላይ ኢንሱሌሽኑን ገፎ ከውጭ በእጅ መለኪያ ይለካዋል። መቶ ቦታ ከመግፈፍ ሦስት ቦታ መግፈፍ ይሻላል።

ቦርድ፣ ሞተርና ማቴሪያል

ይህን በአጭሩ ልለፈው። ለመንዳት አርዱይኖ ወይም በ2021 እ.ኤ.አ. በ4 ዶላር ገበያ ላይ የወጣው ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ ይበቃል። በየሱቁ የሚገኘው ኤል298ኤን የሞተር ድራይቨር 2 ቮልት ያህል ወደ ሙቀት ይቀይራል፤ በባትሪ ለሚሠራ ሮቦት ቲቢ6612 ይሻላል። ባትሪው 18650 የሚባለው የሊቲየም ሴል ከሆነ የመከላከያ ሰርኪዩት ያለው ይሁን።

አካሉን በ3ዲ ማተሚያ ብትሠሩት ፒኤልኤ የሚባለው የማተሚያ ፕላስቲክ 60 ዲግሪ አካባቢ እንደሚለሰልስ እወቁ። መተሐራ ፀሐይ ላይ የዋለ ብረት ቧንቧ ውስጥ ይህ ሩቅ ቁጥር አይደለም። ሌላው ፕላስቲክ ፒኢቲጂ እስከ 80 ገደማ ይችላል። ለጎማ እንደ ላስቲክ የሚለጠጠው ቲፒዩ ጥሩ ነው። ጉልበት የሚሸከመውን ዘንግ ግን አታትሙት። ቶርኖ ቤት ውሰዱት። ከአሮጌ ፕሪንተር የሚወጣው ለስላሳ የብረት ዘንግና ኩሽኔታም በጣም ይጠቅማል። እንደ እኛ ዕቃ ለማስመጣት ሳምንታት በሚፈጅበት አገር ሞተር ስትመርጡ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ ነገ ቢቃጠል መርካቶ አገኘዋለሁ? ካላገኛችሁት ሁለት ተለዋጭ አብራችሁ ግዙ።

መጠገንስ ይችላል?

በዓለም ላይ ከውስጥ የሚጠግኑ ሮቦቶች አሉ። ሲስቦት የሚባለው ሮቦት በእንግሊዝና በኒውዮርክ የጋዝ መስመሮች ውስጥ እየገባ የአሮጌ ካስት አይረን ቧንቧ መጋጠሚያዎችን በማጣበቂያ ይደፍናል። ጋዙም አይቋረጥም። ይህ ግን ከርካሽ ሮቦት ሰፈር በጣም ሩቅ ነው። ብሩሽ ወይም መቁረጫ ስትገጥሙ መሣሪያው ግድግዳውን በገፋው ልክ ግድግዳውም ሮቦቱን ይገፋዋል። ለመሄድ ብቻ የተመጠነ ሮቦት ይሽከረከራል ወይም ይጣበቃል። ቅርፊቱን ለማንሳት ባለ ከፍተኛ ግፊት የውሃ ጄት ወይም የስፖንጅ ፒግ ይሻላል። ሮቦታችሁ ከጽዳቱ በፊትና በኋላ ገብቶ ይይ። ቢበዛ ለስላሳ ብሩሽና የወደቀ ብሎን የሚያነሳ ማግኔት ጨምሩበት።

የማይገባባቸው መስመሮች

እዚህ ላይ ድርድር የለም። በቤት የተሠራ ሮቦት ነዳጅ፣ ጋዝ ወይም ኢታኖል በነበረበት ቧንቧ ውስጥ አይገባም። እንደ ፊንጫና መተሐራ ያሉ ስኳር ፋብሪካዎች ኢታኖልም ስለሚያመርቱ ይህ የሩቅ ነገር አይደለም። የኢታኖል ትነት በአየር ውስጥ 3.3 በመቶ፣ ሜቴን ደግሞ 5 በመቶ ሲደርስ በአንዲት ብልጭታ ይቀጣጠላል። ብሩሽ ያለው ርካሽ ሞተር ደግሞ በሠራ ቁጥር ብልጭታ ያወጣል። ለእንዲህ ያለ ቦታ የፍንዳታ መከላከያ ማረጋገጫ ያለው መሣሪያ ብቻ ነው የሚገባው።

ሌሎቹም መስመሮች ቢሆኑ ከመከፈታቸው በፊት ግፊታቸው መለቀቅ፣ ፈሳሹ መፍሰስ፣ ቫልቩ መቆለፍና ቁልፉ በሠራተኛው ኪስ መሆን አለበት። ፍሳሽ በሚያልፍበት መስመር ላይ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ሊኖር ይችላል፤ መለኪያ የሌለው ሰው ፍላንጅ አይፍታ። ለመጠጥ ውሃ መስመር የተመደበ ሮቦት ደግሞ ፍሳሽ ውስጥ ገብቶ አያውቅ፣ ከመግባቱ በፊትም በክሎሪን ይታጠብ።

እንግዲህ የትኛው?

የጋደመ፣ ቀጥ ያለ፣ ኤልቦ የሌለው ወይም አንድ ብቻ ያለው 6 ኢንችና በላይ ከሆነ ባለ አራት ጎማውን ሥሩ። ሌላ አታወሳስቡት። ሽቅብ የሚወጣ ክፍል ካለ ወይም ኤልቦው ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆነ ባለ ሦስት እግር ግድግዳ ገፊ፤ ቲ ካለ በሁለት ክፍል። 3 እና 4 ኢንች ቀጥ ያለ ከሆነ ባለ ብሎኑ፤ ከዚያ ካነሰ የዘንግ ካሜራ። ዝቃጭ የበዛበት ሰፊ ቧንቧ ከሆነ ባለ ሰንሰለት። ጥያቄው ስለ ታንከር ወይም ስለ ቦይለር ግድግዳ ከሆነና ብረቱ ማግኔት የሚይዝ ከሆነ ከውጭ የሚሄደው የማግኔት ሮቦት። አንድ ዓይነት ብቻ ሠርታችሁ እንድትማሩበት ምረጥ ብባል ያለማመንታት ግድግዳ ገፊውን እላለሁ። የሚሠራበት ቦታ ብዙ ነው፤ በሞላውና በእግሩ ላይ የምታፈሱት ሐሳብም ለሌሎቹ ዓይነቶች ሁሉ ይጠቅማችኋል።

ፋብሪካ ከመሄዳችሁ በፊት የሙከራ መስመር ግጠሙ፦ 6 ሜትር ቧንቧ፣ ሁለት ኤልቦ፣ አንድ ሽቅብ የሚወጣ ክፍል። የፕላስቲክ ቧንቧ ለአካሄድ ሙከራ ይበቃል፤ ለዋይፋይ ሙከራ ግን ብረት መሆን አለበት። ውስጡን በውሃና በትንሽ ዘይት አርጥቡት። ከዚያ ሮቦቱን ሁለተኛው ኤልቦ መሃል ድረስ ንዱትና ባትሪውን አቋርጡ። ካቦውን በእጅ ሚዛን እየለካችሁ ሳቡት። አንድ ሰው በምቾት በሚስበው ኃይል፣ 100 ኒውተን ሳይሞላ ካልወጣ ወደ ሥራ ጠረጴዛው መልሱት። ከወጣ እንደገና አስገቡት፤ በዚህ ጊዜ አንዱን እግር ሆን ብላችሁ በሽቦ አስራችሁ እንዳይታጠፍ አድርጉት። እንደዚያም ሆኖ ከወጣ ለፋብሪካው ኃላፊ ልታሳዩት ትችላላችሁ።